ልጄ ለምን አልቆመም? የሕፃናት ሐኪም ሆኜ ከራሴ ልጅ የተማርኩት



የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ እናንተ ልጆች ነው። ዛሬ ግን ስለ ራሴ ልጅ ልንገራችሁ። እውነቱን ለመናገር ይሄን ታሪክ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አፍሬ ትቼዋለሁ። ለምን እንዳፈርኩ ስታነቡት ይገባችኋል።

ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ልጇን ለ9 ወር የኩፍኝ ክትባት ይዛ የመጣች አንዲት እናት ናት። ክትባቱን ካስከተበች በኋላ እኔ ጋ ገባችና፣

«ዶክተር፣ የጎረቤቴ ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ሶፋ ይዛ ትቆማለች። የእኔ ግን ገና መዳህ እንኳን አልጀመረም። ቢቸግረኝ ዎከር ገዛሁለት» አለችኝ።

ልጁን አየሁት። ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። የሰጠሁትን ማንኪያ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል። እኔን ሲያይ ደግሞ እናቱ አንገት ሥር ገብቶ አለቀሰ፤ ይሄም ለዕድሜው ጥሩ ምልክት ነው፣ ሰው መለየት ጀምሯል ማለት ነው። «ልጅሽ ደህና ነው፣ ዎከሩን ግን ለማንም ሳትሰጪ አስወግጂው» አልኳት። ደስ ብሏት ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር ብላ፣

«ታዲያ ዶክተር፣ መጨነቅ ያለብኝ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይሄ ጥያቄ ነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደነበረው ወደ ራሴ ቤት የመለሰኝ።

የእኛ ቤት ታሪክ

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ሥራ ገባሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ እወጣለሁ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እመለሳለሁ። ልጁን የምትይዘው ሞግዚታችን በጣም የምትወደው ጎበዝ ልጅ ነበረች። ሥራ የገባሁ ቀን እንዲህ ብዬ አዘዝኳት፦ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው።» እሷም «እሺ እትዬ» አለች። በቃ፣ እኔም ጨረስኩ ብዬ ወጣሁ።

ልጁ ሁሉንም ነገር ትንሽ ዘግየት እያለ ነበር የሚያደርገው። የተቀመጠው በ8 ወሩ ነው። ዓመት ሲሞላው ኬክ ቆርሰን፣ ፎቶ ተነስተን፣ አንድም ጥርስ አልነበረውም። በ13 ወሩ በቂጡ ይንፏቀቃል እንጂ ምንም ይዞ ለመቆም አይሞክርም። ሰው ሲጠይቀኝ መልስ አላጣም። «አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው»፣ «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «ትንሽ ወፍራም ስለሆነ ነው»። ሆስፒታል ለሰው ሲባል ብሰማ የምቆጣበትን ነገር ቤቴ ውስጥ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ለፋሲካ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። ልጁን ብብቱን ይዛ ጭኗ ላይ ልታቆመው ስትሞክር እግሮቹን አጥፎ አለቀሰ። አሁንም ሞከረች፣ አሁንም አለቀሰ። ዝም ብላ ስታየው ቆየችና፣

«አንቺ፣ ይሄ ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ እግሩን ያመዋል» አለችኝ።

«እማዬ፣ ምንም አልሆነም፣ ይደርሳል» አልኳት።

«ጡት ሲጠባ ራሱ በላብ ይጠመቃል፣ አይተሻል? የሰው ልጅ ስታዪ ትውያለሽ፤ የራስሽንስ አይተሽዋል?»

ተናደድኩ። እኔን፣ የሕፃናት ሐኪሟን! ግን ማታ ልጁን ላጥበው ልብሱን ሳወልቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እናት ሳይሆን እንደ ሐኪም አየሁት። የእጁ አንጓዎች ሰፋ ሰፋ ብለዋል። የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተደረደሩ ጉብታዎች በእጄ ዳሰስኩ። እርግብግቢቱ ለ13 ወር ልጅ ከሚጠበቀው በላይ ክፍት ነው። ግንባሩ ወደ ፊት ወጣ ብሏል። እነዚህን ምልክቶች እኮ ለተማሪዎች አስተምራለሁ! በማግስቱ የእጁን ራጅ አስነሳሁት፣ ደሙም ታየ። ሪኬትስ ነበር፤ በቫይታሚን ዲ እጥረት ምክንያት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ።

ፀሐይ ሲሞቅ የከረመ ልጅ እንዴት?

ሞግዚቷን ጠራኋትና «ፀሐይ አላሞቅሽውም እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ አሙቄዋለሁ እትዬ፣ አንድም ቀን አላቋረጥኩም» አለችና መስኮቱ ሥር የዘረጋችውን ፍራሽ አሳየችኝ። «ብርድ እንዳይመታው መስኮቱን ዘግቼ፣ ጋቢ አልብሼው ነው የማሞቀው።»

ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ ያልኳትን በትክክል አድርጋለች። ያልነገርኳት እኔ ነኝ። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገው የፀሐይ ጨረር በመስታወት አያልፍም። ሙቀቱ ይገባል፣ ብርሃኑ ይገባል፣ የሚፈለገው ጨረር ግን ውጭ ይቀራል። ልጄ በመስኮት ፀሐይ እየሞቀ፣ በጋቢ ተሸፍኖ፣ የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር የፀሐይ ረሃብተኛ ሆነ።

የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ከሁሉም የተሻለ ምግብ ነው፤ ቫይታሚን ዲ ግን በውስጡ ያለው በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ጡት እየጠባ፣ እያደገ፣ እየወፈረም አንድ ልጅ ሪኬትስ ሊይዘው ይችላል። በአገራችን ምች ይመታዋል፣ ብርድ ያገኘዋል፣ የሰው ዓይን ያየዋል ተብሎ ሕፃን ተሸፋፍኖ ቤት ውስጥ ይከርማል። ፎቅ ላይ ስንኖር ደግሞ ግቢም የለም። ሪኬትስ እግር ብቻ አይደለም የሚያጣምመው። ጡንቻን ያደክማል፣ ለሳንባ ምች ያጋልጣል፣ ካልሲየም በጣም ሲወርድ ደግሞ ሕፃኑን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል።

ደግነቱ የሚታከም በሽታ ነው። ልጄ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም በሐኪም ትዕዛዝ ጀመረ። (አዎ፣ ለራሴ ልጅ እኔ አላዘዝኩም፣ ለባልደረባዬ ሰጠሁት፤ ማየት እንደማልችል ተረድቻለሁ።) ከሳምንታት በኋላ ጭን ላይ ስናቆመው ማልቀሱን ተወ። አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ሳለ ረከቦቱ የተቀመጠበትን ዱካ ይዞ ተነሳ። ባለቤቴ ሲኒውን፣ እኔ ልጁን ለመያዝ ተንደረደርን። እናቴ በስልክ ሆና «ወፌ ቆመች!» እያለች እልል አለች። በ17 ወሩ ብቻውን ሄደ።

ታዲያ ልጅ መቼ ነው «ዘገየ» የሚባለው?

ብዙዎቻችን የምናወዳድረው ከጎረቤት ልጅ ጋር ነው። የተሻለ መለኪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ልጆችን ከ4 ወራቸው ጀምሮ ብቻቸውን እስኪሄዱ ተከታትሎ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቷል። ጤናማ ልጆች እነዚህን ነገሮች የቻሉት በሚከተሉት ወራት መካከል ነው፦

👉 ያለ ድጋፍ መቀመጥ፦ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር
👉 ይዞ መቆም፦ ከ4.8 እስከ 11.4 ወር
👉 በእጅና በጉልበት መዳህ፦ ከ5.2 እስከ 13.5 ወር
👉 ይዞ መራመድ፦ ከ5.9 እስከ 13.7 ወር
👉 ብቻውን መቆም፦ ከ6.9 እስከ 16.9 ወር
👉 ብቻውን መሄድ፦ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር

ስፋቱን አያችሁ? አንዱ ልጅ በ9 ወሩ ይሄዳል፣ ሌላው በ17 ወሩ፤ ሁለቱም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀድሞ የሄደው ትምህርት ላይ ጎበዝ ይሆናል ማለትም አይደለም። መዳህን በተመለከተ ደግሞ፣ በዚሁ ጥናት ከ100 ልጆች 4 ያህሉ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው ቆመው የሄዱት። ስለዚህ «ሳይድህ ቆመ» ብላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ግን ወደ ልጄ ተመለሱ። ብቻውን የሄደው በ17 ወሩ ነው፤ ከሰንጠረዡ አልወጣም። የተቀመጠውም በጊዜው ነው። በ13 ወሩ ይዞ አለመቆሙ ብቻ ነበር ከመስመር የወጣው። ወሩን ብቻ የሚያይ ሰው «ትንሽ እንጠብቅ» ሊል ይችል ነበር። ልጁን ያየችው እናቴ ግን ማልቀሱን፣ ላቡን፣ እግሩን ማጠፉን አየች።

ስለዚህ ሦስት ነገር አብራችሁ ጠይቁ፦

1. ልጄ ለዕድሜው በሚጠበቀው ክልል ውስጥ ነው?
2. ካለፈው ወር ዛሬ አዲስ የጨመረው ነገር አለ?
3. ከመዘግየቱ ጋር ሌላ ነገር አለ? ሕመም፣ መድከም፣ አንድ ጎን ብቻ መጠቀም፣ ወይም ይችል የነበረውን መተው?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሳችሁ «አዎ»፣ ለሦስተኛው «የለም» ከሆነ የጎረቤትን ልጅ ተዉትና በልጃችሁ ተደሰቱ።

ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ሒሳቡ ይለያል። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የ9 ወር ልጅ የሚጠበቅበት የ7 ወር ልጅ የሚያደርገውን ነው። ይሄን ሒሳብ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ተጠቀሙበት።

«ይደርሳል» የማይባልባቸው ምልክቶች

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ልጁን ለሐኪም አሳዩት፦

✔ በ3 ወሩ ፊታችሁን አይቶ ፈገግ የማይል
✔ በ4 ወሩ አንገቱ ያልጸና
✔ በ6 ወሩ ወደ ድምፅ ዞር የማይል፣ ዕቃ ለመያዝ እጁን የማይዘረጋ
✔ በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ
✔ በዓመቱ «ባባባ፣ ማማማ» የማይል፣ በእጁ ቻው የማይል፣ በጣቱ የማያመለክት
✔ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ ሌላውን ጨብጦ የሚይዝ
✔ በ18 ወሩ ብቻውን የማይሄድ
✔ ሰውነቱ በጣም የላላ ወይም እንደ እንጨት የሚገትር
✔ ሲያስቆሙት የሚያመው፣ እግሩ የተጣመመ፣ የእጁ አንጓ የሰፋ
✔ በየትኛውም ዕድሜ፣ ይችል የነበረውን ነገር የተወ (ሲናገር የነበረ ዝም ካለ፣ ሲቀመጥ የነበረ መቀመጥ ካቃተው)

የመጨረሻውን ደግማችሁ አንብቡት። ልጅ ወደ ፊት ቀስ እያለ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ ኋላ መመለስ ግን አንድም ቀን «ይደርሳል» አይባልም።

ስለ መስማትም አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ወላጅ በር ሲንኳኳ ልጁ ስለሚደነግጥ ይሰማል ብሎ ይተወዋል። የበሩን ንዝረትም ሊሰማው ይችላል። ከጀርባው ሆናችሁ፣ ሳያያችሁ፣ በለሆሳስ ስሙን ጥሩት። ጥርጣሬ ካላችሁ ጆሮው ይመርመር። በጊዜ የተገኘ የመስማት ችግር ላይ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል፤ በሦስት ዓመቱ ሲመጣ ግን የቋንቋው ጊዜ ብዙውን አልፎበታል።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. መሬት ላይ ጊዜ ስጡት። ማዘል ደግ ነው፣ አንቀልባም እናትና ልጅን ያቀራርባል። ግን ቀኑን ሙሉ ጀርባ ላይ ወይም አልጋ ላይ የሚውል ልጅ ጡንቻውን የሚያሠራበት ቦታ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ገና መንቀሳቀስ ያልጀመረ ሕፃን፣ ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ በቀን ውስጥ በትንሽ በትንሹ ተደምሮ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ ይተኛ ይላል። ምንጣፍ ላይ አነጠፍ አድርጋችሁ፣ ፊት ለፊቱ ተኝታችሁ አጫውቱት። ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው ነው።

2. ፀሐይን በትክክል አሙቁት። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል፣ ከቤት ውጭ ወይም በረንዳ ላይ። እጁ፣ እግሩና ጀርባው ይገለጥ፣ ዓይኑን ከቀጥታ ፀሐይ ከልሉት። በመስታወት ጀርባ አይሆንም! ልጁን ሌላ ሰው ከያዘው ደግሞ «አሙቂው» ብቻ አትበሉ፣ አንድ ቀን አብራችሁ አድርጋችሁ አሳዩ። ፀሐይ የማያገኝ ልጅ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያስፈልገዋል፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

3. 6 ወር ሲሞላው ምግብ ጀምሩለት። ከጡት ጋር እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ አትክልት፣ ሲገኝ ሥጋና ጉበት ተፈጭቶ። ውሃ ውሃ የሚል አጥሚት ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። የብረት እጥረትም ልጅን ያደክማል፣ እድገቱንም ይጎዳል።

4. አውሩት። «አጉ» ሲል «አጉ» በሉት። ሽንኩርት ስትከትፉ ስለ ሽንኩርቱ ንገሩት። አባቶች፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል፤ ልጅ የአባቱን ድምፅ የሚማረው ሲያወራው እንጂ ዜና ሲሰማ አይደለም።

5. ስልክና ቴሌቪዥን ይቅር። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም። ዝም ያሰኘዋል፣ እውነት ነው። ግን እኛ የምንፈልገው ዝም እንዲል ሳይሆን እንዲናገር ነው።

6. ዎከር አትግዙ። መሄድ አያስተምርም፤ እንዲያውም ሊያዘገይ ይችላል። ካናዳ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላዋለች። በእኛ ቤት ደግሞ ከሰል ምድጃ፣ የሚንተከተክ ጀበናና ደረጃ አለ። ዎከር ላይ ያለ ልጅ እናንተ ብድግ እስክትሉ እዚያ ደርሷል። ያቺ እናት ዎከሩን «ለማንም ሳትሰጪ» ያልኳት ለዚህ ነው።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

የክትባት ቀን ለመርፌ ብቻ አይደለም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር፣ በ15 ወር ጤና ጣቢያ ትሄዳላችሁ። እነዚህን ቀናት ተጠቀሙባቸው፦ «ክብደቱን መዝኑልኝ፣ እድገቱንም እዩልኝ» በሉ። ወረፋ ቢኖርም መጠየቅ መብታችሁ ነው። ልጅ ሐኪም ፊት ያልቅሳል፣ ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ ቤት ሲጫወት በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ቀርጻችሁ ሂዱ። ለእኛ ያ ቪዲዮ ከብዙ ወሬ ይበልጣል። «ምንም አይደለም» ተብላችሁ ልባችሁ ካላመነ ደግሞ ሌላ ሐኪም አሳዩ። ማንም አይቀየማችሁም፤ ቢቀየምም ይቀየም።

ለዚያች እናት የመለስኩላት

በሩ ላይ ቆማ «መጨነቅ ያለብኝ መቼ ነው?» ላለችኝ እናት እንዲህ አልኳት፦ «ከጎረቤትሽ ልጅ ጋር ስታወዳድሪው አትጨነቂ። ከራሱ ካለፈው ወር ጋር ስታወዳድሪው ምንም ካልጨመረ፣ ወይም የሆነ ነገር ልክ አይደለም ብሎ ልብሽ ካልተወሽ፣ ያን ጊዜ አትጠብቂ፣ ነይ።»

ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ነው፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ነው የሚዘለው። እናቴ በመጣች ቁጥር «ያ ሰነፍ የተባለው ልጅ የት አለ?» ትላለች። እሱ ይስቃል፤ እኔ ደግሞ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ያፈርኩት ልጄ ስለታመመ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ያሳደጉ ዓይኖች ያዩትን በ«ይደርሳል» ስለሸፈንኩት ነው።

ቤታችሁ ውስጥ አያት ወይም ሞግዚት «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ሆኗል» ካሉ ቁጭ ብላችሁ ስሟቸው። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ቢያንስ ግን ልጁን በደንብ ታዩታላችሁ።

ጽሑፉ ይጠቅማቸዋል ለምትሏቸው ወላጆች ሼር አድርጉላቸው፤ በተለይ ፎቅ ላይ ለሚኖሩና ሕፃን ላላቸው። ልጆቻችሁን ፈጣሪ ያሳድግላችሁ።

ቸር እንሰንብት!